ራቅ ያለ ከፍ ይበል

(በወንዝ ዳር ሕንፃዎች ከፍታ ላይ ለተጠራ የነዋሪዎችና የባለሙያዎች ውይይት የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ የአካባቢያችን ነዋሪዎች፣ የከተማው አስተዳደር ኃላፊዎች፣ አልሚዎች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

መሽቷል። ልጅ የሚጠብቀው አለ፣ የታክሲ ሰልፍ የሚጠብቀውም አለ። ስለዚህ አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። በአዲስ አበባ ወንዞች፣ በባንተይቀጡ፣ በግንፍሌና በቀበና ዳር የሕንፃ ከፍታ ገደብ ያስፈልጋል። ግን አንድ ቁርጥ ያለ የፎቅ ቁጥር አይሁን። ሕንፃው ከውሃው በራቀው ልክ ይለካ።

እስካሁን የሰማሁት ክርክር በሙሉ «ጂ ፕላስ ስንት?» የሚል ነው። አንዱ ወገን ጂ ፕላስ 4 ይበቃል ይላል። ሌላው ሠላሳ ፎቅ ካልወጣ የሊዙን ዋጋ አይመልስም ይላል። መሐል ላይ ያለው ደግሞ 12 እንበልና እንገላገል ይላል። እንደ ገበያ።

ከፍታ እኛ ከተማ ውስጥ መልእክትም ነው፣ ይህን አልክድም። የአፍሪካ ኅብረት ዋና ሕንፃ 99.9 ሜትር የሆነው በአጋጣሚ አይደለም፤ ኅብረቱ እንዲመሠረት የተወሰነበትን እ.ኤ.አ. 9/9/99ን እንዲያስታውስ ነው። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የንግድ ባንክ ሕንፃ 209 ሜትር ነው። ረጅም ሕንፃ አልጠላም፤ የምበላው እንጀራ ከዚያው ሙያ ነው። ጥያቄዬ የት ይቁም የሚል ነው።

ወንዞቻችንን አስቡ። ከእንጦጦ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ቦታ ይነሳሉ። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ይህን ሁሉ ቁልቁለት በአጭር መንገድ ነው የሚወርዱት። ለዚህ ነው ገደል ቆርጠው የሚሄዱት። ለዚህም ነው በበጋ ድንጋይ ረግጠን የምንሻገረው ውሃ ነሐሴ ላይ ድልድይ የሚያስፈራራው። በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ እናገኛለን፣ አብዛኛው በክረምት ነው። በየዳሩ ኮንክሪት ባፈሰስን ቁጥር ያ ዝናብ መሬት መስረጉን ትቶ በቀጥታ ወንዝ ውስጥ ይገባል።

አሁን ወደ ፀሐይ ልምጣ። ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ «አፍሪካ ውስጥ የምን የፀሐይ ችግር» ይለኛል። ታኅሣሥ ላይ ጠዋት በቀበና ዳር ያለፈ ግን ያውቀዋል። ጋቢ የደረቡ አባቶች አጥሩን ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። እናቶች ሕፃን ያወጣሉ። ጥበቃው እንኳ ወንበሩን ከጥላው እየጎተተ ያወጣል። እኛ ደገኞች ነን፣ የጠዋት ፀሐይ ለኛ ግማሽ ቁርስ ነው።

በታኅሣሥ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ 100 ሜትር ሕንፃ ወደ ምዕራብ ከ140 ሜትር በላይ ጥላ ይጥላል። ይህ የፀሐይዋን አቅጣጫ አውቆ በካልኩሌተር የሚሠራ ነገር ነው፤ ማንም ሊፈትሸው ይችላል። ወንዞቻችን ባብዛኛው ከሰሜን ወደ ደቡብ ስለሚወርዱ በምሥራቁ ዳር የቆመ ግንብ የጠዋቱን ፀሐይ ይወስዳል፣ በምዕራቡ ዳር የቆመው የማታውን። ግራና ቀኝ ከደረደርናቸው ወንዙ በሁለት የመስታወት ግድግዳ መሐል የተቀበረ ቦይ ይሆናል።

ስለ ደቡብ ኮሪያዋ ሴኡል የሚያነሱ አሉ። እውነት ነው፣ ሴኡል እ.ኤ.አ. በ2014 ለመኖሪያ ሕንፃዎች የ35 ፎቅ ጣሪያ አውጥታ ነበር፣ የሃን ወንዝ ዳርንም ይጨምራል። በ2022 ደግሞ ገደቡን ለማንሳት ወሰነች። «አያችሁ፣ እነሱም ተዉት» ይባላል። ግን የሃን ወንዝ ስፋት ወደ አንድ ኪሎ ሜትር ይጠጋል! ማዶ ለማዶ የቆሙ ግንቦች ጥላቸው አይነካካም። ባንተይቀጡን እኮ አንዳንድ ቦታ ጎረምሳ ይዘለዋል። ፓሪስ ደግሞ ተቃራኒውን ሄደች። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ 37 ሜትር ላይ ገደበች፣ በ2010 አካባቢ ላላ አደረገች፣ በ2023 ወደ 37 ሜትር ተመለሰች። ሁለቱንም መገልበጥ አይጠቅመንም። ሁለቱም ከተሞች በአደባባይ ተከራክረው ለሁሉም የሚሠራ ቁጥር መጻፋቸው ግን ያስቀናኛል።

የእኔ ሐሳብ አጭር ነው። ከወንዙ ጠርዝ 15 ሜትር ርቀህ ከሠራህ ከፍታህ ከ15 ሜትር አይለፍ፤ አራት ፎቅ ገደማ ነው። 30 ሜትር ከራቅህ 30 ሜትር፣ ወደ ዘጠኝ ፎቅ። 60 ሜትር ከራቅህ ወደ አሥራ ስምንት። ራቅ ያለ ከፍ ይበል፣ የቀረበ ዝቅ ይበል። በዚህ ስሌት በብርዱ ወር እንኳ ከ4 ሰዓት በፊት ፀሐይ ውሃው ላይ ትደርሳለች።

አልሚዎች «መሬቱ አያዋጣም» እንደምትሉ አውቃለሁ፣ ቅሬታችሁ ቀልድ አይደለም። የሊዝ ዋጋው የታወቀ ነው። ከተማዋ ወደ ላይ ካላደገች ወደ ጎን የገበሬ መሬት እየበላች መሄዷም እውነት ነው። ግን ቁመትና ስፋት አንድ አይደሉም። 1,000 ካሬ ላይ ሩቡን የሚሸፍን ባለ 20 ፎቅ ግንብ 5,000 ካሬ ወለል ይሰጣል። ግማሹን የሚሸፍን ባለ 10 ፎቅም ያው 5,000 ነው። «ግንቡ ቀሪውን መሬት ለአረንጓዴ ይተዋል» ይባላል። በወረቀት ላይ አዎ። በተግባር የምናየው መኪና ማቆሚያ፣ የጀነሬተር ቤትና «ማለፍ ክልክል ነው» የሚል በር ነው።

ከዚህ ሌላ መሬት ውስጥ ያለው ጉዳይ አለ። ከፍ ያለ ሕንፃ ለመኪናው ሁለት ሦስት ቤዝመንት ይቆፍራል። ወንዝ ዳር ስትቆፍር ውሃ ታገኛለህ፤ ይህች ከተማ ራሷ እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ፍል ውሃ ዳር በመስፈራቸው የተቆረቆረች ናት። ወንዝ አጠገብ ባለ ሳይት ስታልፉ ወፍራም ቱቦ አጥሩን አልፎ መንገድ ላይ ሲተፋ ታያላችሁ። ፓምፑ ሌት ተቀን ይጮሃል። ሕንፃው ካለቀም በኋላ ብዙ ጊዜ ፓምፑ አይቀርም። የመብራት ሂሳቡን ዕድሜ ልክ የሚከፍለው የቤቱ ገዢ ነው፣ ሲሸጥለት ግን ማንም አልነገረው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር ብወርድ ይቆጨኛል። ወንዝ ዳር ይኖሩ ከነበሩ ሰዎች ብዙዎቹ «ቦታው ለጎርፍ አደጋ የተጋለጠ ነው» ተብለው ተነስተዋል። ምክንያቱ በብዙ ቦታ ልክ ነበር፣ ጎርፉን በዓይናችን አይተነዋል። እንግዲህ እዚያው መሬት ላይ ነገ ግንብ ቢተከል ለተነሳው ሰው ምን እንመልሳለን? ለጭቃ ቤት አደጋ የነበረ ቦታ ለመስታወት ቤት እንዴት ሰላም ሆነ? በ2011 ዓ.ም. ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ሲጀመር 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳር ለሕዝብ መናፈሻ ይሆናል ነው የተባልነው። ሰው ቤቱን ለመናፈሻ ሲለቅ የሆነ ያህል ይጽናናል። ለሰው ሳሎን እይታ ሲለቅ ግን መጽናኛው ምንድን ነው?

ስለዚህ ገደቡ ከወጣ ለሁሉም ይውጣ። ለባንክም፣ ለሪል ስቴትም፣ ለመንግሥት መሥሪያ ቤትም። «ልዩ ፈቃድ» የሚል አንቀጽ ከገባበት ሕጉን ባናወጣው ይሻላል፤ ጉዳይ አስፈጻሚ ማበልጸጊያ ነው የሚሆነው። የከፍታ ገደብ ደግሞ እንግዳ ነገር አይደለም። በቦሌ በኩል ረጅም ሕንፃ የሚሠራ ሰው ለአውሮፕላን ሲባል ከሲቪል አቪዬሽን ፈቃድ ይጠይቃል። እስካሁን በዚህ የተከራከረ አልሚ አላጋጠመኝም። ለአውሮፕላን የቻልነውን ለእግረኛ አንችልም ማለት ይከብደኛል።

ለአስተዳደሩ ኃላፊዎች የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። የወንዙ ጠርዝ የት እንደሆነ በበጋ ሳይሆን በነሐሴ ውሃ ይለካ፤ ችካሉም ሰው በሚያየው ቦታ ይተከል። የከፍታ ገደቡ ረቂቅ ከመጽደቁ በፊት ደግሞ ካርታው በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ይለጠፍ፣ ቤቱ የት መስመር ላይ እንደወደቀ እያንዳንዱ ነዋሪ በጣቱ እንዲያሳይ።

የሠራሁትን የጥላ ሥዕል በሩ አጠገብ ሰቅዬዋለሁ። ስሌቱ የተሳሳተ የሚመስለው ካለ እስክሪብቶ አለ፣ እላዩ ላይ ይጻፍበት። የመጀመሪያው ጥያቄ ከአልሚዎቹ ወገን ቢመጣ ደስ ይለኛል።

አመሰግናለሁ።