መረጃው ይሂድ፣ ተማሪው ይረፍ
ሐዋሳ ላይ ለኮሌጅና ለዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች የቀረበ ንግግር

ክቡራን የኮሌጅና የዩኒቨርሲቲ ኃላፊዎች፣ የሬጅስትራርና የቤተ መጻሕፍት ባልደረቦች፣ የአይሲቲ ሙያተኞች፣ የተማሪ ተወካዮች፤ እንደምን አረፈዳችሁ። ከወንዶ ገነት፣ ከይርጋለምና ከዳዬ በጠዋት ተነስታችሁ የመጣችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ።

ስለ ቴክኖሎጂ ስናወራ ብዙ ጊዜ ስለ ዕቃ ነው የምናወራው። ስንት ኮምፒውተር ተገዛ? ስንት ህንጻ ላይ ዋይፋይ ገባ? እኔ ዛሬ የማነሳው ሌላ ጥያቄ ነው። ተማሪው አንድ ጉዳይ ለመጨረስ ስንት በር ያንኳኳል? ኮምፒውተሩ ገብቶ የበሩ ብዛት ካልቀነሰ፣ ለተማሪው ምንም አልተለወጠም።

ሐዋሳ ላይ ይህ ጥያቄ ከሌላው ቦታ ይልቅ ይከብዳል። ዩኒቨርሲቲያችን አንድ ግቢ ሆኖ አልተወለደም። የግብርና ኮሌጁ በፈረንጆቹ 1976፣ የወንዶ ገነቱ የደን ኮሌጅ ደግሞ በ1978 ተመሠረቱ። በ1992 ዓ.ም. ከዲላው ኮሌጅ ጋር ተጣምረው ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተባሉ። የሐዋሳ ስም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ከመነሻው የተራራቁ ግቢዎች ነን። ወንዶ ገነት ያለ ተማሪ አንድ ፊርማ ለማግኘት ዋናው ግቢ ድረስ ሲመጣ ትራንስፖርት አለ፣ ምሳ አለ፣ የቀረ ክፍለ ጊዜ አለ። የግል ኮሌጆቻችንም ቢሆኑ ከዚህ ብዙ አይለዩም። ማታ የሚማረው ሠራተኛ ለሬጅስትራር ጉዳይ ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ መጠየቅ አለበት።

እስቲ ክሊራንስን፣ ተመራቂው የግቢው ዕዳ እንደሌለበት የሚያረጋግጥበትን ወረቀት፣ እንውሰድ። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ተመራቂው ወረቀቱን ይዞ ከዶርም ተቆጣጣሪው፣ ከፕሮክተሩ፣ ይጀምራል። ከዚያ ካፌ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ላብራቶሪ፣ ስፖርት ክፍል፣ ዲፓርትመንት፣ ኮስት ሼሪንግ (የትምህርት ወጪ መጋራት)፣ በመጨረሻ ሬጅስትራር። አንዱ ፈራሚ ስብሰባ ነው፣ ሌላው ምሳ ወጥቷል፣ ሦስተኛው "መጀመሪያ የእነሱን አስፈርመህ ና" ይላል።

የጎረቤቴ ልጅ ከጥቂት ጊዜ በፊት ተመርቃለች። የት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ሁሉንም አስፈርማ አንዲት ፊርማ ቀረቻት፤ የስፖርት ዕቃ ክፍል። ይህች ልጅ በተማረችበት ዘመን ሁሉ ከዚያ ክፍል ኳስ እንኳ ተውሳ አታውቅም። የክፍሉ ኃላፊ ግን ፈቃድ ላይ ነበር፣ ማኅተሙም መሳቢያው ውስጥ ተቆልፎበታል። ወላጆቿ ለምረቃዋ መጥተው፣ ፎቶ ተነስተው፣ ሻንጣዋን ይዘው ተመለሱ። እሷ ዘመድ ቤት ቀረች። ያልወሰደችውን ኳስ አለመውሰዷን የሚመሰክርላት ሰው እስኪመጣ ጠበቀች። ይህን ስሰማ በጣም ነው ያዘንኩት። ልጅቷን ያጉላላት ክፉ ሰው አይደለም። የአሠራሩ ውቅር ነው።

ውቅሩን ልብ በሉልኝ። በወረቀቱ አሠራር ተማሪው ዕዳ እንደሌለበት በየቢሮው ዞሮ ያስመሰክራል። መሆን ያለበት ተቃራኒው ነው። ዕዳ አለ የሚለው ቢሮ ዕዳውን ይመዝግብ። ቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ ያልመለሱትን ያውቃቸዋል። ላብራቶሪው ዕቃ የሰበሩትን ያውቃቸዋል። እነዚህ ስሞች አንድ ቋት ውስጥ ይግቡ። ስሙ እዚያ የሌለ ተማሪ ክሊራንሱ አለቀ ማለት ነው፤ የማንንም በር አያንኳኳም። ስሙ ያለበት ደግሞ ከምረቃው ወር አስቀድሞ ስልኩ ላይ መልእክት ይደርሰዋል፤ "ይህን መጽሐፍ መልስ" የሚል። ይህ አየር ላይ የተንጠለጠለ ሐሳብ አይደለም። አንድ ሠንጠረዥና ለየቢሮው አንድ መግቢያ ነው።

አሁን ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝን ልንገራችሁ። ይህ ሶፍትዌር ተሠርቶ ያውቃል፤ ያውም በየዓመቱ። የኮምፒውተር ሳይንስና የኢንፎርሜሽን ሲስተም ተመራቂዎቻችን የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ ሲመርጡ ምን እንደሚመርጡ እናውቃለን። "ክሊራንስ ማኔጅመንት ሲስተም"፣ "የዶርም ድልድል ሲስተም"፣ "የካፌ ሲስተም"። ልጆቹ ሌሊት ሳይተኙ ይሠሩታል። በገምጋሚዎች ፊት ዲፌንስ ያቀርባሉ፣ ጥሩ ግሬድ ያገኛሉ፣ ሰነዱ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። በነጋታው እነዚያው ልጆች የክሊራንስ ወረቀታቸውን ይዘው ፊርማ ፍለጋ ይወጣሉ።

ለምንድን ነው? የልጆቹ ችሎታ አንሶ አይደለም። ሥራው ባለቤት ስለሌለው ነው። ሬጅስትራሩ አልጠየቀውም። አይሲቲ አልተረከበውም። የሠራው ልጅ ተመርቆ ሄዷል፤ ቢበላሽ የሚጠግነው የለም። ስለዚህ የምለው ይህ ነው። ርዕሱ ሲመረጥ የሚመለከተው ቢሮ ኃላፊ ይቀመጥ፤ የሚፈልገውን እሱ ይናገር። ዲፌንስ ላይም ይገምግም። ኮዱን አይሲቲ ይረከብና በአንድ ቦታ ያስቀምጥ። የሚቀጥለው ዓመት ቡድን ከባዶ አይጀምር፤ ካለፈው ቡድን ላይ ይቀጥል። በሦስትና በአራት ዙር ተማሪ የሠራው፣ የግቢያችንን ነገር የሚያውቅ ሲስተም ይኖረናል። መምህራኑም "አዲስ ነገር አልሠራችሁም" ብለው ግሬድ አይቀንሱባቸው። የሌላውን ኮድ ማንበብና ማሻሻል ትልቅ ትምህርት ነው።

የሲስተሙ መሠረት የተማሪው ስም ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ጣጣ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ከውጭ የመጣ ሶፍትዌር ሁለት ስም ይጠይቃል፤ የራስና የቤተሰብ መጠሪያ። የእኛ ስም ደግሞ የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው። አንዷ ሠራተኛ በሁለተኛው ሳጥን የአባቱን ስም ታስገባለች፤ ሌላው የአያቱን። ሲስተሙ እንደ ሁለት ሰው ይቆጥረዋል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ይብሳል። ፀሐይ የሚለውን ስም አንዱ በ"ቲ" ይጀምረዋል፣ ሌላው በ"ኤስ"። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሰርተፍኬቱና ዲግሪው ላይ ያለው ስም ሳይገጥም ይቀራል። ከዓመታት በኋላ ስኮላርሺፕ ሲያገኝ ይታወቀዋል። ያኔ ፍርድ ቤት ድረስ የሄዱ ተመራቂዎች አሉ፤ እኔ ነኝ ለማለት።

በግዕዝ ፊደል ብንጽፍስ? ልንጽፍ ይገባል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው፤ ዛሬ አማርኛ የማይቀበል ዳታቤዝ የለም ማለት ይቻላል። ግን አንድ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኃይሉ፣ ሐይሉ፣ ሀይሉ ለእኛ አንድ ስም ነው። ለኮምፒውተሩ ሦስት ነው። ሠራተኛዋ በአንዱ ፈልጋ "የለህም" ብላ ትመልሰዋለች። ልጁ ፊቷ ቆሞ እያለ የለም ይባላል። መፍትሔው ለፕሮግራመር የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ሲፈለግ ሀን፣ ሐን፣ ኀንና ኃን፤ ሰንና ሠን፤ አንና ዐን፤ ጸንና ፀን እንደ አንድ መቁጠር። ስሙ ግን ባለቤቱ እንደሚጽፈው ይቀመጥ። የላቲኑ አጻጻፍ ከሰርተፍኬቱ አንዴ ተገልብጦ ይቆለፍ፤ ማንም እንደ ስሜቱ አይለውጠው። አሁን የፋይዳ (የብሔራዊ መታወቂያ) ቁጥርም አለን፤ ከእሱ ጋር ይገናዘብ።

የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። በእኛ አቆጣጠር የተሞላ የልደት ዓመት በፈረንጆቹ ተደርጎ ሲነበብ፣ ተማሪው ከነ ሰነዱ በሰባትና በስምንት ዓመት ያረጃል። ቅጹ ላይ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ። ይኸው ነው።

"ሲስተም የለም።" ይህችን ዓረፍተ ነገር ሰምቶ ያልተመለሰ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቆረጣል፤ እውነት ነው። ይህ ግን አስቀድሞ የሚታወቅ ነገር ነው። የሚታወቅ ነገር ዲዛይኑ ውስጥ ይገባል። የካፌ በር ላይ ያለውን ስካነር አስቡ። የተማሪውን መታወቂያ ባርኮድ በነካ ቁጥር ሩቅ ያለ ሰርቨር የሚጠይቅ ከሆነ፣ መስመሩ በተቋረጠ ሰዓት ሰልፉ እስከ ዶርም ይደርሳል። ጠዋት ላይ የተማሪዎቹን ዝርዝር ይዞ ቢውል ግን ባትሪው እስካለ ይሠራል፤ የተበላውን መዝግቦ ኔትወርኩ ሲመለስ ይልካል። ልዩነቱ የገንዘብ አይደለም፤ ቀድሞ የማሰብ ነው።

እንደምንችል ደግሞ አሳይተናል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና በኮምፒውተር ይፈተናሉ። ያን ጊዜ ምን እንደምናደርግ አስታውሱ። ጄኔሬተሩ ነዳጅ ይሞላለታል። ኬብሉ አንድ በአንድ ይፈተሻል። ቴክኒሻኑ ኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ያድራል። ኃላፊው ራሱ ስልኩን ያነሳል። ለፈተና ቀን የምናደርገው ትጋት ግማሹ ለአዘቦት ቀን ቢደርስ፣ የግቢ አገልግሎት ሌላ መልክ ይይዝ ነበር።

"ማኅተምና ፊርማ ከሌለው ኦዲተር አይቀበለንም" የምትሉ አላችሁ። ስጋቱ ይገባኛል፤ የሚጠየቀው ፈራሚው ነውና። ሕጉ ግን ቀድሞናል። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ወጥቷል፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጁም በ2012 ተከትሎታል። ስለዚህ የየተቋማችን ሕግ ክፍል ቁጭ ብሎ መመሪያችንን ከአዋጁ ጋር ያስታርቅ። ይህ የአይሲቲ ሥራ አይደለም። አይሲቲ ሲስተም ሠርቶ፣ መመሪያው "በወረቀት ይሞላ" ካለ፣ ሠራተኛው ሁለቱንም ይሞላል። ሥራው እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ሠራተኛው ኮምፒውተር የሚጠላው ለዚህ ነው፤ አይፈረድበትም።

ትራንስክሪፕት፣ ማለትም የውጤት መግለጫው፣ ላይ ብዙ አልቆይም። ቴሌብር ከ2013 ጀምሮ ኪሳችን ውስጥ ነው። ሞያሌ የተመደበ ተመራቂ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለማስላክ ከፍሎ ደረሰኝ ለማሳየት ሐዋሳ መምጣት የለበትም። ሶፍትዌር መግዣ የለንም የሚለውም አያስኬድም። ለቤተ መጻሕፍት ኮሃ፣ ለትምህርት ሙድል፣ ለጥናት ጽሑፎች ዲስፔስ አሉ፤ የፈቃድ ክፍያ የላቸውም፣ እኛው አገርም ይሠራባቸዋል። የሚያስከፍለው እነሱን ተከታትሎ የሚያድስ ሰው ነው። ባለሙያዎቻችን በደመወዝ ምክንያት በየጊዜው ይለቃሉ። ሰርቨር ለመግዛት በጀት ስትይዙ፣ እባካችሁ ሰውየውን ለማቆየትም ያዙ።

መረጃ አንድ ቦታ ሲሰበሰብ አደጋውም አብሮ ይሰበሰባል። ይህን ሳልል ብወርድ ኅሊናዬ አይፈቅድም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የተማሪ መረጃ እንደፈለግን የምናደርገው ነገር አይደለም። ግሬድ ከነ ሙሉ ስሙ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይቅር። የክሊኒክ መዝገብን ፕሮክተሩ የሚያይበት ምክንያት የለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ፓስወርድ ለአራት ሠራተኛ የሚባለው ነገር ይቁም። ግሬድ ሲለወጥ ማን፣ መቼ፣ ከየትኛው ኮምፒውተር እንደለወጠው መመዝገብ አለበት። ፓስወርዱ የጋራ ከሆነ ጥፋቱም የጋራ ይሆናል፤ ንጹሑ ሠራተኛ አብሮ ይጠረጠራል። ይህ ጥበቃ ከተማሪው እኩል ለእናንተ ነው።

ለዘንድሮ ምረቃ የምጠይቃችሁ ሁሉንም በአንዴ አይደለም። በሦስት ቢሮ እንጀምር፤ ቤተ መጻሕፍት፣ ዶርምና ስፖርት ዕቃ ክፍል። የእነዚህ ዕዳ ቁልጭ ያለ ነው፤ ወይ ተመልሷል ወይ አልተመለሰም። የዕዳ ዝርዝሩን እስከ ሚያዝያ አስገቡ። የቀሩት ቢሮዎች ለዚህ ዓመት በወረቀት ይቀጥሉ። የተማሪ ኅብረቱ ደግሞ ተመራቂዎችን ይጠይቅልን፤ የት ቢሮ ነው የተመላለሳችሁት፣ ስንት ጊዜ? የሚቀጥለውን ቢሮ የምንመርጠው በዚያ ነው።

ከምሳ በኋላ ከአዳራሹ ጎን ባለው ክፍል እንቀመጣለን። የሬጅስትራርና የቤተ መጻሕፍት ባልደረቦች፣ አሁን የምትሠሩበትን የክሊራንስ ቅጽ አንድ አንድ ቅጂ ይዛችሁ ኑ። ፕሮክተሮችም እንዳትቀሩ። መስመር በመስመር እናየዋለን፤ ለእያንዳንዱ ፊርማ "ይህ ለምን አስፈለገ?" ብለን እንጠይቃለን።

ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።