መጀመሪያ ልጁን ጠይቁት

የተከበራችሁ ሐኪሞች፣ ሲስተሮችና ብራዘሮች፣ ውድ ወላጆች፣ እንደ እኔ በልጅነታችሁ ታማችሁ ዛሬ እዚህ የተቀመጣችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን አደራችሁ?

ዛሬ መስከረም 30 ነው። የዓለም የአእምሮ ጤና ቀን። አዘጋጆቹ ሲደውሉልኝ «ስለ ወጣቶች የአእምሮ ጤና በአጠቃላይ ተናገሪልን» ነበር ያሉኝ። ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። አጠቃላዩን ግን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ከሆነ ልጆች መካከል ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። በአዋቂዎች ላይ ከምናየው የአእምሮ ሕመም ግማሽ ያህሉ የሚጀምረው ከ18 ዓመት በፊት ነው። ማለትም ገና ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ላይ ነው የሚነሳው። ስለ አጠቃላዩ ይህን ካልኩ ይበቃኛል።

እኔ የመጣሁት አንድ ነገር ለመናገር ነው። ወጣቱ ስለ ራሱ ሕክምና ይጠየቅ። መድኃኒቱ ሲመረጥ ይጠየቅ። ሲቀየርም፣ ሆስፒታል ሲተኛም፣ ሲወጣም፣ ለማን ይነገር ለማን አይነገር ሲባልም ይጠየቅ።

ካርድ ክፍል ተሰልፈን፣ ወረፋ ጠብቀን የምንገባበትን ክፍል ሁላችንም እናውቀዋለን። አንድ ጠረጴዛ አለ። ከጠረጴዛው ፊት ለፊት ያለው ወንበር ላይ አስታማሚው ይቀመጣል። ታማሚዋ ልጅ በሩ አጠገብ ናት። ሐኪሙ ካርዱን ገለጥ ያደርግና አባቷን ያያል። «ትተኛለች?» ትተኛለች። «ትበላለች?» ትንሽ ትንሽ። «መድኃኒቷን ትወስዳለች?» እየወሰደች ነው። «ጥሩ፤ በዚሁ ትቀጥል።» ቀጣዩ ይገባል። ልጅቷ እዚያው ክፍል ውስጥ አለች። ጆሮዋ ይሰማል። አፏ ይናገራል። ስለ እንቅልፏ የሚያውቀው ሌላ ክፍል የሚተኛው አባቷ ነው ወይስ እሷ?

በዚያ በሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ለብዙ ጊዜ ተቀምጬበታለሁ።

የታመምኩት 11ኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ዛሬ ባይፖላር የሚባል፣ ስሜትን አንዴ ከልክ በላይ የሚያንር አንዴ ደግሞ የሚጥል የአእምሮ ሕመም እንደሆነ አውቃለሁ። ያኔ የማውቀው እንቅልፍ እንደጠፋብኝ፣ ሐሳቤ እንደሚሮጥብኝ፣ ከሁሉም ሰው ጋር እንደምጣላ ብቻ ነበር። ቤተሰቦቼ ወደ ሕክምና ሲወስዱኝ «ልብስ ልንገዛልሽ ነው» አሉኝ። የታከምኩበትን ቦታ ስም አልጠራም፤ ዛሬ የመጣሁት ለክስ አይደለም። መድኃኒት ታዘዘልኝ። ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሆነ፣ ምን ሊያደርገኝ እንደሚችል የነገረኝ ሰው ግን አልነበረም። ስለዚህ አልወስድም አልኩ። አባቴ ተመልሶ ሄዶ «እምቢ አለች፤ ምን ላድርግ?» ብሎ ጠየቀ። የተሰጠው ምክር «በጁስ አድርጋችሁ ስጧት» የሚል ነበር።

እናቴ ማታ ማታ የማንጎ ጁስ ትሰጠኝ ጀመር። ስትሰጠኝ ዓይኔን አታይም ነበር። እኔ ደግሞ አዘነችልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ እጠጣ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ማታ ሳሎን ተቀምጠን አንገቴ ወደ ጎን መዞር ጀመረ። ልመልሰው ስል እምቢ አለኝ። ዓይኔ ወደ ላይ ተሰቀለ። ምላሴ ከበደኝ። እናቴ ጮኸች። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዷ ጸበል ይዛ መጣች። አንዱ ትከሻዬን ይዞ «ማን ነህ? ከየት ያዝካት? ተናገር!» ይል ነበር። እኔን አይደለም የሚያናግረው። በውስጤ አለ የሚለውን ነው። አስቡት እስቲ። ሐኪሙ ሲያናግር አባቴን ነው፣ ጎረቤቱ ሲያናግር መንፈሱን ነው። እኔን ያናገረኝ ማንም የለም።

ከሁሉም የሚከፋው እኔም ማመኔ ነው። ምንም መድኃኒት አልወሰድኩም ብዬ አውቃለሁ። አንገቴ ደግሞ በራሱ ይዞራል። በ17 ዓመቴ፣ በዚያች ሌሊት፣ በውስጤ ሌላ ፍጡር አለ ብዬ ሞቴን ለመንኩ።

እዚህ ያላችሁ ባለሙያዎች ምን እንደነበር ገብቷችኋል። በጁሱ ውስጥ የነበረው ሀሎፔሪዶል የሚባል የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ነው። በተለይ ወጣቶች ላይ፣ በጀመሩት በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዲህ ጡንቻ ሊያስይዝ እንደሚችል ታውቃላችሁ። ትምህርት ቤት ተምራችሁታል። እናቴ ግን አልተማረችም። የነገራትም የለም። ወንድሜ ታክሲ ለምኖ ድንገተኛ ክፍል ወሰደኝ። ተረኛዋ «ምን መድኃኒት ትወስዳለች?» ስትል እናቴ አለቀሰች። ስለ ጁሱ የሰማሁት እዚያ አልጋ ላይ ተኝቼ ነው። አንድ መርፌ ተወጋሁ። በደቂቃዎች ውስጥ አንገቴ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ የተሠራ ምግብ አልበላም አልኩ። ራሴ የምልጠው ሙዝ፣ ራሴ የቀቀልኩት እንቁላል፣ ያልተከፈተ የታሸገ ውኃ። ሌላ ምንም። በሚቀጥለው ቀጠሮ ይህ ተነገረ። ካርዴ ላይ «ቤተሰቦቿ በምግብ ውስጥ የሆነ ነገር ያደርጉብኛል ብላ ትጠራጠራለች» ተብሎ ተጻፈ። መድኃኒቱም ተጨመረ።

አድርገውብኝ ነበር እኮ! ያልኩት እውነት ነበር። እውነቱ የሕመም ምልክት ተብሎ ተመዘገበ። አንድ ሰው ወደ እኔ ዞሮ «ለምንድን ነው የማትበዪው?» ቢለኝ ኖሮ በአንድ ዓረፍተ ነገር እመልስለት ነበር።

አባቴ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል። እናቴም አለች። ይህን እንድናገር ፈቅደውልኛል፤ እንዲያውም አባቴ «ስለ ጁሱ ሳትናገሪ እንዳትወርጂ» ብሎኛል። እኔ እናትና አባቴን አልከስም። ጨንቋቸው ነበር። የታዘዙትን ነው ያደረጉት። እነሱም እንደ እኔ የነገራቸው አልነበረም። ወጣቱን የማይጠይቅ ሕክምና ወላጁንም ብቻውን ነው የሚተወው። በልጁ ላይ ዘበኛ ያደርገዋል። ከልጁ ጋር ያለውን መተማመን ይወስድበታል። ከሕመሙ ሁሉ ይልቅ እኛ ቤት ረጅም ጊዜ የወሰደው ያንን መተማመን መመለስ ነበር።

ስለ ጸበል አንድ ነገር ልበል፤ እዚህ ካህናትም ስላላችሁ። እኔ አማኝ ነኝ። ዛሬም እጠመቃለሁ፣ መድኃኒቴንም እወስዳለሁ፤ አንዱ ሌላውን አልከለከለኝም። ነገር ግን አንድን ወጣት «አያትህ ታመዋል» ብሎ አታልሎ ወስዶ፣ እጁን አስሮ፣ መድኃኒቱን አስጥሎ ጸበል ማስገባት እምነት አይመስለኝም። ጠይቁት። ብዙዎቻችን ብንጠየቅ በእግራችን እንሄድ ነበር።

ታዲያ ምን ለወጠኝ? አንዲት ሲስተር። ለክትትል በሄድኩበት አንድ ቀን አባቴን «እባክዎ ትንሽ ውጭ ይጠብቁን» አለችው። ወንበሩን ወደ እኔ አዞረች። «አንቺን ከሁሉም በላይ የሚከብድሽ ምንድን ነው?» አለችኝ። ለረጅም ጊዜ መልስ አልሰጠኋትም። አልቸኮለችም። ከዚያ ነገርኳት። እጄ ይንቀጠቀጣል፤ እስክሪብቶ መያዝ አልችልም፤ የጽሑፍ ፈተና አልጨርስም። ጠዋት የምወስደው መድኃኒት ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ያስተኛኛል፤ ልጆች ይስቁብኛል። መድኃኒቱን የምተወው ለመታመም አይደለም፤ ለመማር ነው።

ካርዴ ላይ «መድኃኒት አቋርጣ መጥታለች» የሚል ብዙ ቦታ ተጽፎ ነበር። ለምን እንዳቋረጥኩ ግን አንድ ቦታ እንኳ አልተጻፈም። በሕክምናዬ ላይ የነበረኝ ድምፅ አለመዋጥ ብቻ ነበርና በእሱ ተናገርኩ።

ሲስተር ከሐኪሙ ጋር ተነጋገረች። መድኃኒቱ ተቀየረ፤ የሚወሰድበት ሰዓት ወደ ማታ ሄደ። አዲሱ መድኃኒት ክብደት ሊጨምር እንደሚችል አስቀድሞ ተነገረኝ፤ ጨመረም፤ ግን አውቄ ስለመረጥኩት አላቋረጥኩትም። ከዚያ ቁጭ ብለን አንድ ወረቀት ጻፍን። በተከታታይ ሁለት ሌሊት ካልተኛሁ፣ ለሰው ሁሉ መደወል ከጀመርኩ ሕመሙ እየመጣ ነው። ያኔ መጀመሪያ የሚደወለው ለአክስቴ ነው፤ ከእሷ ጋር አልጣላም። ሆስፒታል መተኛት ግድ ከሆነ ይነገረኝ፤ አልታለል። ትምህርት ቤት የሚያውቀው የክፍል ኃላፊዬ ብቻ ነው። አባቴ ፈረመበት። እኔም ፈረምኩ። ያ ወረቀት ዛሬም አለ፤ አንዴ ተጠቅመንበታል፤ ሠርቷል። 12ኛ ክፍልን የጨረስኩት፣ ኮሌጅ የገባሁት፣ ዛሬ አስተማሪ ሆኜ እዚህ የቆምኩት ከዚያ በኋላ ነው።

«አእምሮው የታመመ ልጅ እንዴት ይወስናል?» የምትሉ አላችሁ። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የምትሉም አላችሁ፤ ሰምቻችኋለሁ። መልሴን ስሙኝ። ሕመማችን ይመጣል፣ ይሄዳል። ሲሻለን ጠይቁን፤ በታመምን ጊዜ ምን እንደሚደረግ አብረን እንወስን። ሕይወታችን ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ እናንተ የምትወስኑበት ቀን አለ። ያንን አልክድም። ያን ቀንም ቢሆን የምታደርጉትን ንገሩን። ሲሻለን ደግሞ ለምን እንዳደረጋችሁት ቁጭ ብላችሁ አስረዱን። በየትኛው ክንዴ ልወጋ ብሎ መጠየቅ እንኳ ሰው መሆኔን ያስታውሰኛል።

«ጊዜ የለንም» ትላላችሁ። እውነት አላችሁ። በዚህች አገር አማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት ብቻውን የአገሩን ታማሚ ተሸክሟል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይካትሪ ሐኪሞችን እዚሁ ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ዛሬም ከሕዝቡ ብዛት ጋር ስትተያዩ ጥቂት ናችሁ። ወረፋውን አያለሁ። ግን መድኃኒት እያቋረጠ በተደጋጋሚ የሚመለስ ልጅ ስንት ሰዓት ይወስድባችኋል? አንዴ መጠየቅ ይቀላል።

አሁን የሚያናድደኝን ልናገር። ጤና ጣቢያ ሂዱ። ለወጣቶች ምቹ የጤና አገልግሎት የሚባል ክፍል አለ። አንዲት የ16 ዓመት ልጅ ስለ እርግዝና መከላከያ ልትጠይቅ ብቻዋን ብትመጣ ባለሙያዋ በሩን ዘግታ ታናግራታለች፤ ሚስጥሯን ትጠብቅላታለች፤ እናትሽን ይዘሽ ነይ አትላትም። ትክክል ነው፤ ብዙ ሰው ታግሎ ያመጣው ነገር ነው። ያቺው ልጅ «መኖር አስጠልቶኛል» ብላ ብትመጣስ? «ከቤተሰብ ጋር ነይ!» ስለ ማህፀኗ የምትወስን ልጅ ስለ ሐዘኗ ለመናገር አስታማሚ ያስፈልጋታል? ማን ነው ይህን የወሰነው? እኛ ተጠይቀን ነበር?

አዲስ ነገር አምጡ እያልኳችሁ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 12፣ ልጅ እሱን በሚመለከት ጉዳይ ሁሉ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው፣ ሐሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ክብደት እንዲሰጠው ይላል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው በግንቦት 1983 ዓ.ም. ነው፤ ደርግ ሊወድቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ በአንቀጽ 9 አገሪቱ ያጸደቀቻቸው ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል። እኔ ሳልወለድ በፊት የተገባ ቃል ነው። ካርድ ክፍሉ ጋ ሳይደርስ ቀረ።

እህቶቼን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ለባይፖላርና ለሚጥል በሽታ የሚሰጠውን ሶዲየም ቫልፕሮኤት የምትወስዱ አላችሁ። ይህ መድኃኒት ጽንስን ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ልትወልድ በምትችል ሴት ላይ እንዳይጀመር አሳስቧል። ማናችሁ ተነግሯችኋል? በራሳችሁ ግን አታቋርጡ፤ ድንገት ማቆም አደገኛ ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ጠይቁ። ሐኪሞች ሆይ፣ ልጅቷ እስክትጠይቃችሁ አትጠብቁ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው አባባል በየዓመቱ በዚህ ቀን ባነር ላይ ይጻፋል። ወጣቱ ካልተጠየቀ ለማን ይንገር? ቲሸርት አልብሳችሁ ለፎቶ አታሰልፉን! ዕቅድ ስታወጡ ጥሩን፤ ረቂቁ ላይ እንጻፍበት። አውስትራሊያ ሄድስፔስ በሚባሉት የወጣቶች የአእምሮ ጤና ማዕከሎቿ ወጣቶችን አማካሪ አድርጋ ታሠራለች። እኛ ያን ያህል ገንዘብ የለንም። ሁለት ወጣቶችን ኮሚቴ ውስጥ ለማስገባት ግን ገንዘብ አያስፈልግም፤ የትራንስፖርት ከሰጣችሁን ይበቃናል።

ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ ሦስት ነገር እንድታደርጉ እለምናለሁ። ከሚቀጥለው ወጣት ታካሚያችሁ ጀምራችሁ ፊት ለፊት ያለውን ወንበር ለእሱ ስጡት። ከአስታማሚው በፊት እሱን ጠይቁት፤ ጥቂት ደቂቃም ብቻውን አናግሩት። በምግብ ደብቃችሁ ስጡት የሚለውን ምክር ዛሬውኑ አቁሙ። ወላጆች፣ እንዲህ ያለ ምክር ከተሰጣችሁ «ለምን መጀመሪያ ለልጄ አትነግሩትም?» በሉ።

ከሻይ በኋላ እኛ ወጣቶቹ በግራ በኩል ባለው ክፍል እንቀመጣለን። የጻፍነው ወረቀት ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ይምጣ፤ ባዶ ቅጂም ይዘናል። አመሰግናለሁ።