በድልድዩ ዞርን

እሺ… ዛሬ መግቢያ የለም፣ ሙዚቃውንም አልከፈትኩትም። ቁልቢ ደርሼ ተመልሻለሁ፤ ለጠየቃችሁኝ፣ አዎ፣ የእማዬ የስለት ጃንጥላም በሰላም ገብቷል። ማውራት የፈለግኩት ግን ስለ ደቻቱ ነው፣ ድሬዳዋን ለሁለት ስለሚከፍላት ወንዝ። ከሐሳቤ አልወጣ አለኝ።

ሐምሌ 18 ነው፣ የቁልቢ ገብርኤል ዋዜማ። ከቀፊራ ተነስተን ወንዙን ወደ ከዚራ ልንሻገር ነው፤ አብረውን የሚሄዱት እዚያ ይጠብቁናል፣ ከዚያ በእግር ወደ ደንገጎ ዳገት። ድሬ ላይ ጠብታ የለም፣ ፀሐዩ ያቃጥላል። የጣለው ደጋው ላይ ነዋ! ደቻቱን ታውቁታላችሁ፤ አሸዋው ላይ ልጆች ኳስ እየተጫወቱ ከተራራው የወረደው ውኃ ይደርስባቸዋል። መጀመሪያ ድምፁ ነው የሚመጣው። ቀጥሎ ጭራሮና ፌስታል የተሸከመ አረፋ፣ ከኋላው ያ ቡናማ ውኃ። ሁልጊዜ የምናቋርጥበት ቦታ ዓይናችን እያየ ጠፋ። ማዶ ያሉት ልጆች «አትግቡ! በድልድዩ ዙሩ!» ይላሉ፤ እዚህ ደግሞ አንዱ ጎረምሳ «በጀርባዬ ላሻግር» እያለ ሒሳብ ይደራደራል።

አጠገቤ አንዲት እናት አሉ። ባዶ እግራቸውን ናቸው፣ ስለታቸው እንደዚያ ነው። ነጠላቸውን አደገደጉ፣ ጧፋቸውን ጉያቸው ከተቱ፣ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ገቡ። ገቡ እኮ! ውኃው ገና ቁርጭምጭሚታቸው ጋ ነው። እጃቸውን ያዝኩ። «ልቀቂኝ ልጄ» አሉኝ፣ ቁጣ እንኳ የለበትም። «ነገ የሚነግሠው ቂርቆስንና እናቱን ከፈላ ውኃ ያወጣው አይደለም እንዴ?»

ምን ይመለሳል? እ… እኔ የድሬ ልጅ ነኝ። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ፣ ሌሊት፣ ሰው በተኛበት ይኸው ወንዝ ከ200 በላይ ነፍስ ወስዷል። ያንን ድምፅ ስሰማ እስካሁን ሆዴ ይላወሳል። አልለቀቅኩም። ቀጫጭን ጣቶች ናቸው፣ ጥፍራቸው ሥር ሊጥ ደርቋል፤ ሲነሱ ሲጋግሩ ነበር ማለት ነው። ዝም ብለው አዩኝ። ረጅም ሰዓት መሰለኝ። ከዚያ ወጡ።

ዞርን። ባጃጅ ልያዝልዎ ብል «በእግሬ ነው የተሳልኩት» አሉ፤ ሌላ ቃል አልተናገሩም።

አቦ፣ አንድ ነገር ግን ያናድደኛል። በየክረምቱ የሚቆረጠው ያው መሻገሪያ ነው። ለበዓሉ ዋዜማ ገመድ ወጥሮ «ዛሬ በዚህ አይታለፍም» የሚል አንድ ሰው ማቆም ይከብዳል? ልጆቹ በራሳቸው ባይጮኹስ? በሐምሌ የምትሄዱ፣ ደንገጎ በኩል ከጠቆረ አሸዋውን እርሱት፣ ከመነሻው በድልድዩ ሂዱ። ልጅ የያዘችም፣ ለስለቱ ድንጋይ የተሸከመም…

እና ያ አስተያየታቸው። ዳገቱን ስንወጣ ከኋላዬ መዝሙር ሲሉ እሰማቸው ነበር፤ ቁልቢ ላይ ሕዝቡ መሀል ጠፉብኝ። ነገም ቢሆን እይዛቸዋለሁ፣ እሱ ላይ ጥያቄ የለኝም። ግን ስለቴን አቋረጠችብኝ ብለው ከሆነስ? ነፍስ አባቴን ልጠይቅ አስቤ እስካሁን አልጠየቅኩም። «ድልድዩንም የሰጠ እሱ ነው» ቢሉኝ ደስ ይለኛል፤ ሌላ ነገር ቢሉኝስ ብዬ ደግሞ… አላውቅም። እናትየዋ ለታኅሣሡ ገብርኤል ከመጡ እፈልጋቸዋለሁ። ታኅሣሥ ደግሞ ወንዙ ደረቅ ነው፣ በየትም ያልፋሉ፣ የት አገኛቸዋለሁ… ምናልባት ዳገቱ ላይ… እንጃ፣ እስቲ…