ያልጻፍኩት ጽሑፍ

ውድ የማኅበራችን አባላት፣ የተከበራችሁ እንግዶች፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ። ሌሊቱን በአውቶቡስ ያደራችሁ ስላላችሁ ንግግሬን አላስረዝምም።

በቅርቡ አንድ የማስተርስ ተማሪ ኢሜይል ላከልኝ። «ፕሮፌሰር፣ ይህን ጽሑፍዎን ፈልጌ አጣሁት፤ ፒዲኤፉን ቢልኩልኝ» ይላል። ርዕሱን አየሁት፤ ያምራል። የመጽሔቱ ስም፣ ቅጹ፣ ገጹ ሁሉ ተሟልቷል። እኔ ግን እንዲህ ያለ ነገር ጽፌ አላውቅም! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ የራሴን ሥራ ከሰው ሰማሁ። ልጁ ያገኘው ኦንላይን ከተለቀቀ ጥናት ነው። አጥኚው ደግሞ ቻትጂፒቲ የሰጠውን የዋቢ ዝርዝር ሳያጣራ ለጥፎታል።

ስቄ ልተወው ነበር። ግን አንድ ታሪክ ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1959 የታተመ አንድ የባክቴሪያ ጥናት ገጹ ባለ ሁለት ዓምድ ነበር። በኋላ ወደ ዲጂታል ሲቀየር ማሽኑ ዓምዶቹን አሻግሮ አነበበ። ከግራ «ቬጀቴቲቭ»፣ ከቀኝ «ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፒ» ተገጣጠሙና በዓለም ላይ የሌለ የምርመራ ዘዴ ተወለደ። እውነተኛው ዘዴ «ስካኒንግ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፒ» ይባላል፤ በፋርስኛም «ስካኒንግ» እና «ቬጀቴቲቭ» የሚሉት ቃላት የሚለያዩት በነጥብ ብቻ ነው፤ ስህተቱ በትርጉም በኩልም ሳይገባ አልቀረም። ዛሬ ቃሉ በታተሙ ጥናቶች ውስጥ አለ። እንደ ቻትጂፒቲ ያሉ የቋንቋ ሞዴሎችም ተምረውት መልሰው ይጽፉታል።

በእንግሊዝኛ አንዱን ስህተት የሚያርም ብዙ ገጽ ይገኛል። በአማርኛ ኦንላይን ያለው ጥናት ግን ጥቂት ነው። የለጠፍነውን ማሽኑ እንዳለ ይውጠዋል፤ ነገ ለተማሪዎቻችን መልሶ ያጎርሳቸዋል።

አትጠቀሙ እያልኩ አይደለም። እኔም እንግሊዝኛዬን አስተካክልበታለሁ፤ ምን አስደበቀኝ? ቻትጂፒቲ በወጣ በሁለት ወር ውስጥ፣ ጃንዋሪ 2023 ላይ፣ «ሳይንስ» እና «ኔቸር» መጽሔቶች ማሽን የጥናት ደራሲ ሊሆን አይችልም አሉ። ስህተት ሲገኝ ማሽኑን ጠርተን «ና አስረዳ» አንለውማ። የቃለ መጠይቅ ቅጂ ከነስሙ ለማሽን መስጠትማ ሌላ ጣጣ ነው፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ።

ከሰዓት በኋላ የምንወያይበት ረቂቅ አጭር ነው። አባል ሥራውን ኦንላይን ሲለቅ ኤአይን (ሰው ሠራሽ አስተውሎትን) ለምን እንደተጠቀመበት በአንድ መስመር ይጽፋል፤ የጠቀሰውን ዋቢ ሁሉ ከፍቶ ያያል። «ኔትወርኩ መቼ ይከፍትልናል?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እሱንም እዚያው እንነጋገርበት።

ተማሪውን በነገሩ አላሳፈርኩትም፤ ይልቅ ጋበዝኩት። ከኋላ ተቀምጧል። ጉባኤው ተከፍቷል።