አንድሮሜዳ፦ ስሟን ማን አወጣላት?

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮች። የዛሬው ጉዳይ የተነሣው ከቤታችን ነው። እኅቴ በቅርቡ ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ሕፃኗ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ከመነሣቷ በፊት የቤት ስሟን ለመወሰን፣ እዚህ ጎንደር፣ ከቁስቋም ዝቅ ብሎ ባለው የአያታችን ቤት ቡና ተፈልቶ ተሰበሰብን። እኅቴ የመረጠችው ስም «አንድሮሜዳ» ነበር። አያቴ ሁለት ጊዜ አስደግመው ከሰሙ በኋላ ሲኒያቸውን አስቀመጡና፣ «ሜዳ? ልጅቱ ሜዳ ላይ የምትቀር ናት ወይ? ስምን መልአክ ያወጣዋል ሲባል አልሰማሽም?» አሏት። ሁላችንም ሳቅን። ማታ ብቻዬን ሆኜ ሳስበው ግን ሳቁ ጠፋብኝ፤ የተረቷ አንድሮሜዳ በእርግጥም ወላጆቿ ሜዳ ላይ የጣሏት ልጅ ናትና።

በግሪኮች ተረት አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ የቄፌዎስና የንግሥት ካሲዮፔያ ልጅ ናት። ንግሥቲቱ የልጇን ውበት ከባሕር ቆነጃጅት ውበት አብልጣ ስለ ተመጻደቀች፣ የባሕሩ አምላክ ፖሲዶን በአገሩ ላይ አውሬ ሰደደ፤ ቍጣው ይበርድ ዘንድም ልጅቱ በባሕር ዳር ከዐለት ጋር በሰንሰለት ታሰረች። ፐርሴውስ የሚባል ጀግና ድንገት ደርሶ አውሬውን ገደለና አገባት። (ግሪኮች «ኢትዮጵያ» ሲሉ ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን የጥቁር ሕዝብ አገር በጅምላ ማለታቸው ስለሆነ፣ ልጅቱን የጎንደር ባላገር ለማድረግ አልደፍርም።)

ስሙ ራሱ ግን ፍጹም ግሪክኛ ነው። የመጀመሪያው ክፍል «ወንድ» ማለት ሲሆን፣ አያቴ በየዓመቱ በዓሉን የሚያከብሩለት የሐዋርያው የእንድርያስ ስም የወጣው ከዚሁ ሥር ነው። ሁለተኛው ክፍል መግዛትን ወይም ማሰብን ያመለክታል፤ ባንድ ላይ ሲነበብ «ወንዶችን የምትገዛ» እንደ ማለት ይሆናል። ፐርሴውስ ራሷን ቆርጦ ይዞት የነበረው፣ ፀጕሯ እባብ የሆነው ጭራቅ የሜዱሳ ስምም ከዚሁ «መግዛት» ከሚለው ሥር መውጣቱ ይገርመኛል፦ አንዷ ገዥ ራሷ ተቆርጦ፣ ሌላዋ ገዥ እጇ ታስሮ በአንድ ተረት ውስጥ ተገናኙ። የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጁን በግሪክኛ ሊሰይማት እንደማይችል ግልጽ ነው። በአባቷ አፍ ማን ትባል እንደ ነበር የጠየቀ አልነበረም።

የዐረብ የከዋክብት ሊቃውንት በበኩላቸው ስሙን ትተው ሥዕሉን ተረጎሙ፤ በአንድሮሜዳ ስም የሚጠራውን የኮከብ ስብስብ «በሰንሰለት የታሰረችው ሴት» አሉት። በዐረብኛ ሰንሰለት «ሲልሲላ» ነው፤ የእኛም ቃል የእርሱ ዘመድ ነው። በወገቧ ላይ የምታበራው ሚራክ የተባለችው ኮከብ ስሟን ያገኘችው ሽርጥን ከሚያመለክት የዐረብኛ ቃል ሲሆን፣ ቃሉ በላቲን ገልባጮች እጅ ተበላሽቶ ዛሬ የምናውቀውን መልክ ያዘ። የፋርሱ የከዋክብት ሊቅ አስ ሱፊ በ964 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በዚያው አካባቢ «ትንሽ ደመና» መዘገበ፤ ያ ደመና 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት የሚርቅ፣ ዛሬ እርሱም አንድሮሜዳ የሚባል ሌላ ጋላክሲ ነው። ርቀቱ ከእኛ ጋላክሲ ውጭ መሆኑ የታወቀው አሜሪካዊው የከዋክብት ሊቅ ኤድዊን ሀብል በ1923 (በዚያው በአውሮፓውያን አቈጣጠር) ባገኘው፣ ብርሃኑ ከፍ ዝቅ እያለ ርቀትን ለመለካት በሚያገለግል ተለዋዋጭ ኮከብ አማካይነት ሲሆን፣ የዚህ ዐይነት ከዋክብት «ሴፌይድ» ይባላሉ። የስሙ ምንጭ ቄፌዎስ ነው። ልጁን ለአውሬ የሰጠው አባት ስሙ የልጁ ርቀት መለኪያ ሆነ።

ወደ ጎንደር ልመለስ፤ መንገዴ ግን በኢዮጴ በኩል ነው። ጥንታውያን ጸሐፊዎች አንድሮሜዳ የታሰረችበትን ዐለት በኢዮጴ ወደብ ያሳዩ ነበር፤ የሮም ሹም ስካውሩስም የአውሬው ነው የተባለውን አጥንት ከዚያ አምጥቶ በሮም ለሕዝብ አሳይቷል። የሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 9 ልዳ ለኢዮጴ ቅርብ እንደሆነች ይነግረናል፤ ልዳ ደግሞ የቅዱስ ጊዮርጊስ አገር ናት። በየቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ያለውን ሥዕል አስቡት፦ ደራጎን፣ ፈረስ፣ ጦር፣ ዛፍ ላይ የተጠጋች ልጅ። ለደራጎኑ የተሰጠችው ልጅ ስም «ብሩታዊት» ነው፣ ትርጉሙም «የቤሩት ሴት» ነው እንጂ ሌላ አይደለም። የፐርሴውስ ተረት ለሰማዕቱ ታሪክ መልክ አውሶት ይሆናል የሚለውን ሐሳብ ብዙ ሊቃውንት አንሥተውታል፤ እኔን የያዘኝ ግን ስሙ ነው። ግሪኩ በራሱ ቋንቋ ሰየማት፣ ዐረቡ በሰንሰለቷ ጠራት፣ የእኛ ሠዓሊ በከተማዋ ጠራት። አያቴም «ሜዳ» ብለው ሲሰሙ ከእነዚህ የተለየ አላደረጉም።

ቁስቋምን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ስማቸው ራሱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ምን ትዋብ!» ያለው ሰው እንዳያት አድንቆ የሰየማት ይመስላል። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ነበር። ይህንን ለእኅቴ ስነግራት፣ ካሲዮፔያም ልጇን እንዲሁ እያደነቀች ነው መዘዝ ያመጣችባት ብላ መለሰችልኝ፤ መልስ አጣሁላት።

የቤት ስሙ እስካሁን አልተወሰነም። ትናንት ማታ ስደውል ግን አያቴ ሕፃኗን አቅፈው «ሜዳዬ፣ ሜዳዬ» ሲሏት በስልኩ ውስጥ ሰማሁ።