ፓስፖርቱ ባይኖርም ሁለት ድምፅ አለ

የተከበራችሁ በስዊድን የምትኖሩ እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፤

«ዜግነት አልወሰድኩም፣ ምርጫው አይመለከተኝም» ሲባል በየቡናው እንሰማለን። ይመለከታችኋል። በየአራት ዓመቱ በሴፕቴምበር ሁለተኛ እሑድ የፓርላማው የሪክስዳግ፣ የሬጂዮን (የክልሉ አስተዳደር) እና የኮሙን (የማዘጋጃ ቤቱ) ምርጫ በአንድ ቀን ይካሄዳል። ቀጣዩ ሴፕቴምበር 13 ቀን 2026 ላይ ይውላል፤ በእኛ መስከረም 3፣ ገና የእንቁጣጣሹ ቄጠማ ሳይነሳ።

ለሪክስዳግ ዜግነት የግድ ነው። ለሬጂዮንና ለኮሙን ግን 18 ዓመት የሞላው፣ ሦስት ዓመት ሳያቋርጥ በነዋሪነት የተመዘገበ የውጭ ዜጋ ይመርጣል። መሃል ላይ አገር ለቆ ከመዝገብ የወጣ ሰው ቆጠራውን እንደ አዲስ ይጀምራል። (ጎትላንድ ለምትኖሩ፦ እዚያ የሬጂዮን ምርጫ ለብቻው የለም።)

የሬጂዮንና የኮሙን ምርጫን የምትንቁ ካላችሁ የደመወዝ ወረቀታችሁን እዩ። የኮሙንና የሬጂዮን ግብር ተደምሮ በአማካይ ከመቶ 32 ገደማ ነው፤ ለማዕከላዊው መንግሥት ከደመወዝ ላይ ግብር የሚከፍለው ገቢው ከፍ ያለ ሰው ብቻ ነው። ሐኪም ቤቱን የሚያስተዳድረው ሬጂዮን ነው። ትምህርት ቤቱ፣ የአረጋውያን እንክብካቤው፣ የሶሻል ድጎማው የኮሙን ነው።

ዜግነት ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። እዚህ ጠቅላይ ሚኒስትር ለመሆን ብዙ ድጋፍ አያስፈልግም፤ ከ349 የሪክስዳግ አባላት 175ቱ «አይሆንም» እስካላሉ ድረስ ያልፋል። ኅዳር 2021 ማግዳሌና አንደርሾን 117 ድጋፍ፣ 174 ተቃውሞና 57 ድምፀ ተአቅቦ ይዘው ተመረጡ። አንዲት የተቃውሞ ድምፅ ብትጨመር ይወድቁ ነበር። ንጉሡ በዚህ ጉዳይ እጃቸው የለበትም።

አሁን ወደ ድምፅ መስጫ ወረቀቱ እንምጣ። ቢጫው የሪክስዳግ፣ ሰማያዊው የሬጂዮን፣ ነጩ የኮሙን ነው፤ እያንዳንዱ በየራሱ ፖስታ ይገባል። ድምፅ ከሚበላሽባቸው መንገዶች አንዱ የሁለት ፓርቲ ወረቀት አንድ ፖስታ ውስጥ መክተት ነው። ከዕጩዎቹ አንዱን ለይታችሁ ለመምረጥ ከስሙ ጎን አንድ ምልክት ብቻ አድርጉ። ሁለት ቦታ ምልክት ካደረጋችሁ ለፓርቲው የሰጣችሁት ድምፅ ይቆጠራል፣ የግለሰቡ ግን ይቀራል። የማትፈልጉትን ስም መሰረዝም ፋይዳ የለውም፤ ቆጣሪው ስረዛውን አይመለከተውም።

ቀድሞ መምረጥ ከምርጫው 18 ቀን በፊት ይጀመራል። ለዚህ በፖስታ ቤት የሚመጣላችሁን ሮስትኮርት (የመራጭ ካርድ) እና መታወቂያችሁን አብራችሁ ያዙ። ሮስትኮርቱ ከጠፋ ኮሙኑ ምትክ ያወጣል። በምርጫው ዕለት ግን በራሳችሁ ጣቢያ መታወቂያ ይበቃል፤ እሱም ከሌለ የሚያውቃችሁ ሰው የራሱን መታወቂያ አሳይቶ ሊመሰክርላችሁ ይችላል። ቀድማችሁ መርጣችሁ ሐሳባችሁ ከተለወጠ እሑድ ዕለት በራሳችሁ ጣቢያ እንደገና ምረጡ፤ የፊተኛው ድምፅ ይሰረዛል።