በአንድ ቴሌቪዥን ላይ አራት ሰላዮች

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ከበስተጀርባ የምትሰሙት ያው የታወቀው ቬንትሌተር ነው፤ ባላጠፋው እናንተ ታማርራላችሁ፣ ባጠፋው እኔ እቀልጣለሁ፣ በድሬዳዋ ሙቀት ደግሞ ምርጫውን ለእናንተ አልተውም። ስለ ከዚራ ሰፈር ዛፎች የጀመርኩት ወሬ ይቆየኝ፤ ቅዳሜ ማታ ባለጅቡቲው የልጅነት ጓደኛዬ እኔ ቤት ካርታ ስንጫወት ያደረገው ነገር እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም።

ነገሩን ለመናገር «ጎልደንአይ» ወደተባለው የሰላዩ ጄምስ ቦንድ ጌም መመለሴ አይቀርም፤ «አሁንም ያንን ጌም?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ፊልሙ በ1995፣ የኒንቴንዶ 64 ጌሙ ደግሞ በ1997 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣ ሲሆን፣ አራት ሰው የሚጫወትበት ክፍል የተጨመረው ጌሙ ሊወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነበር። እኛ ግን የጄምስ ቦንድን ታሪክ እርግፍ አድርገን ትተን ያንኑ ክፍል ብቻ ነበር የምንጫወተው። ኦድጆብ የተባለውን ገጸ ባሕርይ የመረጠ ሰው ለሁላችንም ለስላሳ እንዲጋብዝ ሕግ አውጥተን ነበር፤ ቁመቱ አጭር ስለሆነ ቀጥ ብሎ የተተኮሰ ጥይት በአናቱ ላይ ያልፋል።

የሚገርመኝ፣ የሰላዮች ጨዋታ ሆኖ ሳለ ምስጢር የሚባል ነገር አልነበረውም። ቴሌቪዥኑ ለአራት ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ሰው የሚያየው ነገር በሙሉ ለሌሎቹም ይታያል፤ ሩባችንን ብቻ እንድንመለከት የሚያስገድደን ይሉኝታ ብቻ ነበር። በልጅነታችን አንድ ቀን፣ ተጋጣሚ የት እንዳለ የሚያሳየውን ራዳር አጥፍተን፣ በአንድ ጥይት የሚጥለውን «የመግደል ፈቃድ» የተባለውን ምርጫ አብርተን ነበር። ባለጅቡቲው ጌሙ ላይ ባለው መጸዳጃ ቤት ውስጥ ተደብቆ በሩን ይጠብቃል። ይህን ያወቅሁት የእሱን ሩብ አይቼ ነው። በሌላ በኩል ዞሬ ገደልኩት።

በሚቀጥለው ዙር እሱ ከጀርባዬ መጥቶ ጣለኝ፤ እኔም ጆይስቲኩን ወርውሬ «የእኔን እያየህ ነው!» ብዬ ጮህኩበት። «ወላሂ አላየሁም» አለ። እንዳላየ አውቅ ነበር፤ እሱ ዓይኑን ከራሱ ሩብ የማያነሳ ልጅ መሆኑን ያወቅሁት እኮ እኔው ስሰልለው ነው። ሌሎቹ ግን እኔን አመኑኝ፤ ምናልባት ቴሌቪዥኑ የእኛ ቤት ስለነበረ ይሆናል። የጆይስቲኩን ገመድ ቀስ ብሎ ጠቀለለ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና ወጣ። እናቴ «ልጁ ሳይበላ ለምን ሄደ?» ብላ ስትጠይቀኝ ምን እንደመለስኩላት አላስታውስም፤ የገመዱን አጠቃለል ግን አሁንም አየዋለሁ።

ቅዳሜ ማታ ታዲያ ኮንከር የሚባለውን የካርታ ጨዋታ ይዘን ነበር። ገና ተራዬ ሳይደርስ ባለጅቡቲው የያዛቸውን ካርታዎች በሙሉ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸውና «እያቸው፣ ይቅለልህ» አለኝ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። እኛ ድሬዎች ለአባታችንም «አንተ» ስለምንል የአንዳችንን ንግግር ቁጣ ይሁን ቀልድ ከቃሉ መለየት ያስቸግራል፤ ድምፁም እንደወትሮው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስለ «ካሲኖ ሮያል» ሳስብ ሰነበትኩ። በ1953 በወጣው መጽሐፍ ቦንድ የሚጫወተው ባካራ ሲሆን፣ በ2006ቱ ፊልም ግን ፖከር ሆኗል። ባካራ ላይ የሚወስነው በአብዛኛው የደረሰህ ካርታ ነው፤ ፖከር ላይ ግን ፊትህም ይጫወታል፣ ያልያዝከውን የያዝክ መስለህ ታሸንፋለህ። ባለጅቡቲው ፊቱን መደበቅ የማይችል ሰው ነው ልላችሁ ነበር፤ ነገር ግን ይህን ያህል ዓመት ነገሩን በሆዱ ይዞ ከቆየ ከማናችንም በላይ ደብቆ... አይ፣ ይህን እንኳ እርግጠኛ ሆኜ መናገር አልችልም። ረስቶት ሊሆንም ይችላል። ልጠይቀው መልእክት ጽፌ ሁለት ጊዜ አጠፋሁት፤ እሱም ሰኞ ወደ ጅቡቲ ተመልሷል።

ያልነገርኳችሁ አንድ ነገር ግን አለ። ካርታዎቹን ሲዘረጋቸው ዓይኔን ማዞር እችል ነበር። ሁለት ጆከር ይዞ ነበር። ምን እንደሚጠብቅ አይቼ፣ እሱ የሚፈልጋትን ካርታ እጄ ላይ አቆይቼ ተጫወትኩ፣ አሸነፍኩም፤ እሱም ምንም ሳይል ነጥቤን ወረቀቱ ላይ ጻፈልኝ። ወረቀቱ አሁን ከማይኩ አጠገብ ነው፣ ልጥለው አስቤ...